የቆየ የጭቃ ቤት እንዴት ይነበባል፣ እንዴትስ ይጠገናል?

የጭቃ ቤትን የሚጥለው ውሃ ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በሞጣ፣ በቢቸናና በፍኖተ ሰላም አሮጌ ሰፈሮች ዛሬም ቀጥ ብለው የቆሙት ቤቶች ያን ሁሉ ክረምት ያሳለፉት የጣራቸው ክፈፍ ሰፊ፣ የግድግዳቸው ግርጌ ደረቅ ስለሆነ ነው። የወደቁት ደግሞ አብዛኞቹ ከመውደቃቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ሲሚንቶ የተለሰኑ ናቸው። ሲሚንቶው ስንጥቁን ይሸፍናል፣ ቤቱም አዲስ ይመስላል፤ ከልስኑ ጀርባ ግን ቋሚው እየበሰበሰ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው አሠራር በቅደም ተከተሉ ይሠራበት፦ መጀመሪያ ቤቱን ማወቅ፣ ቀጥሎ ውሃውን ማራቅ፣ ከዚያ እንጨቱን ማዳን፣ ጭቃው በመጨረሻ። ጭቃውን ያስቀደመ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ጣራውና የውሃ መውረጃው በጥቅምት ይጠናቀቅ። የጭቃው ሥራ ከታኅሣሥ ጀምሮ ቢሆን ይመረጣል፤ ጤፍ ተወቅቶ ጭድ የሚገኘው ያኔ ነውና። የመጨረሻው ልስን ሚያዝያ ላይ ከደረሰ የበልጉ ካፊያ ሳይደርቅ ያገኘዋል።

ቤቱን ማንበብ

ምንም ሳትነኩ ቤቱን ለኩ። የእያንዳንዱን ክፍል አራቱንም ግድግዳዎችና ሁለቱንም ሰያፍ መስመሮች በሜትር ለክታችሁ በደብተር ላይ አንድ ሜትርን በ2 ሳንቲ ሜትር ሣሉት። ሰያፎቹ እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ከጥንቱም ተጣሞ ተሠርቷል፣ አለዚያም አንዱ ማዕዘን ሰምጧል። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ቱንቢ፣ ማለትም በክር የተንጠለጠለ ክብደት፣ ነው። ቱንቢውን ከወጋግራው (በቋሚዎቹ አናት ተጋድሞ ጣራውን ከሚሸከመው እንጨት) ላይ አውርዱና ክሩ ከግድግዳው ከላይና ከታች ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚርቅ ጻፉ። በየግድግዳው ፎቶ አንሡ፤ ስንጥቆቹ ላይ ቀን በእርሳስ ጻፉባቸው፣ ጫፋቸውንም ምልክት አድርጉ። ከወር በኋላ ስንጥቁ ከምልክቱ አልፎ ከሄደ ቤቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው።

የቤቱን ዕድሜ ከባለቤቶቹ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ግን እንጨቱንም ጠይቁት። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ መጀመሪያ የበዛውም አዲስ አበባ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያረፉት በ1893 ነው። እንግዲህ ከቋሚ እስከ ወራጅ በባሕር ዛፍ የተሠራ ቤት «በንጉሡ ዘመን የተሠራ ነው» ከተባለ፣ ወይ ታሪኩ የቦታው እንጂ የቤቱ አይደለም፣ ወይ ቤቱ በኋላ እንደገና ተሠርቷል። በጽድ፣ በወይራ ወይም በዋንዛ የቆመ፣ ማገሩ (በቋሚዎቹ ላይ ተጋድሞ ጭቃውን የሚይዘው ቀጭን እንጨት) በሚስማር ሳይሆን በልጥ ወይም በሐረግ የታሰረ ግድግዳ ካገኛችሁ ግን ተጠንቀቁለት፤ ያን ክፍል ሳታስቡ አታፍርሱት።

ጣራውም ይናገራል። ወራጆቹ በጥቀርሻ ጠቁረው ቆርቆሮው የተመታባቸው አግዳሚዎች ንጹሕ ከሆኑ ቤቱ ቀድሞ ሣር ክዳን ነበረ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ አትቅደዱት፤ ከበላዩ ምን እንዳለ በአንድ ጥግ ከፍታችሁ በባትሪ እዩ። ከቀለሙ ሥር የተለጠፈ ጋዜጣ ካለ ቀኑን አንብቡ። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933 ነው። ጋዜጣው የተለጠፈው በላዩ ካለው ቀን ወዲህ ነው፤ ከሥሩ ያለው ልስን ግን ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባው የክፍሎቹ አከፋፈል ነው። በአንድ ሰፊ እልፍኝ መካከል ቀጭን ግድግዳ ገብቶ፣ መስኮት ተደፍኖ በር ሆኖ፣ ከኋላ ኩሽና ተቀጥሎ ታገኛላችሁ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በ1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በአዋጁ የተወረሱ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ፣ አንድ ቤተሰብ የኖረበት ቤት ለሁለትና ለሦስት አባወራ ተከፈለ። ለጥገና ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በኋላ የገባው ቀጭን ግድግዳ ጣራ ስለማይሸከም ሊነሣ ይችላል፣ የጥንቱ ግን አይነካም። ለመለየት የግድግዳውን አናት ተመልከቱ፦ ወጋግራው ላይ ደርሶ ከያዘው ተሸካሚ ነው፣ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ካበቃ ማካፈያ ነው። ይህ ምልክት ግን ቤቱ ሰምጦ ከሆነ ያሳስታል፤ ጣራው ወርዶ ማካፈያው ላይ ተኝቶ ይሆናልና፣ ከማፍረሳችሁ በፊት ከግራና ከቀኝ ድጋፍ አቁሙ።

በባሕር ዳር ጉዳዩ ይለያል። ከተማው በስፋት ያደገው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ በ1950ዎቹ ከተከፈቱና የጀርመን ባለሙያዎች ዋና ፕላኑን ካወጡለት ወዲህ ነው። እዚያ «አሮጌ» የሚባለው የጭቃ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ዘመን ወዲህ የቆመ፣ ባሕር ዛፍ በሚስማር የተመታ ነው፤ አጠጋገኑም ቀላል ነው።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዙ ሚስማር አትንቀሉ። በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው ከመጀመሩ በፊት የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። መንገድ በሚሰፋበት ወይም የልማት ፕላን በወጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ልኩን፣ ፎቶውንና የሽማግሌዎቹን ቃል አንድ ቅጂ ለወረዳው ወይም ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ማን ምን እንዴት እንደሠራ ይታወቃል።

ጣራው

ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ጣራ 48 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ ይህ ጣራ በዓመት ከ62,000 ሊትር በላይ ውሃ ያወርዳል። በአንድ ብርቱ የሐምሌ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 1,440 ሊትር ነው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከግድግዳው ግርጌ ነው፤ ፍንጥቅጣቂው ደግሞ ግድግዳውን ከታች ይቦረቡረዋል።

የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል 80 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። የጣና አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ለዚህ ምስክር ናቸው። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ በጭቃ በተለሰነ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ጣራው ከውጭ ግድግዳው ርቆ ስለሚወርድና መቅደሱም በቅድስቱና በቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያ ስለተከበበ ዝናብ አይደርስበትም። የእናንተ ክፈፍ አጭር ከሆነ ወራጆቹን ከጎናቸው በተጨማሪ እንጨት አስረዝሙ፤ ተጨማሪው እንጨት ወደ ውስጥ የሚገባው ወደ ውጭ የሚወጣውን እጥፍ ይሁን። 40 ሳንቲ ሜትር ለማስወጣት 80 ሳንቲ ሜትር ከወራጁ ጋር ይያዝ። አለዚያ ነፋስ ጣራውን ከጫፉ ይገለብጠዋል።

ቆርቆሮ ላይ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፣ በሸለቆው አይደለም፤ በሸለቆው የተመታ ሚስማር ውሃ በላዩ ስለሚሄድ ቀድሞ ያፈሳል። ከየሚስማሩ ኮፍያ ሥር ላስቲክ ይግባ። ከላይና ከታች ያሉት ቆርቆሮዎች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ዳገቱ ለጥ ያለ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረቡ። አሸንዳው በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ያዘቅዝቅ፤ ለ8 ሜትር ጣራ 4 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ አቧራ ይዞ ይደፈናል፤ ሞልቶ ሲፈስም ውሃው በአንድ ቦታ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ያ ደግሞ አሸንዳ ከሌለው ጣራ የባሰ ነው።

የቤቱ ዙሪያ

አብዛኛው አሮጌ ቤት የሰመጠ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከፍ ያለው ምድሩ ነው። አመድ፣ ጥራጊ፣ ከላይ ሰፈር የወረደ አፈር ተከማችቶ፣ ከዚያም ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከቤቱ ወለል በላይ ይሆናል። የድንጋይ መሠረቱ ይቀበርና ጭቃው በቀጥታ እርጥብ አፈር ይነካል። ያን አፈር አንሡ። ከምድር እስከ ጭቃው መጀመሪያ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ይታይ፣ 40 ቢሆን ይሻላል።

ሲቆፈር የሚሠራው ስሕተት ዙሪያውን በአንድ ቀን መግፈፍ ነው። በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሜትር ርዝመት አትበልጡ፣ ከመሠረቱ የታችኛው ድንጋይ በታችም አትውረዱ። የመሠረቱን ድንጋይ ከጎኑ የሚይዘው አፈር በአንድ ጊዜ ከተነሣ ደረቅ ካቡ ወደ ውጭ ይሸሻል። ከዚያ ከግድግዳው ጀምሮ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአንድ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ የድንጋይ ንጣፍ አድርጉ፤ ቦዩ ከዚያ ወዲያ ይሁን። ንጣፉ መካከል ሲሚንቶ አትሙሉበት፤ አፈሩ ካልተነፈሰ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ግድግዳው ይወጣል።

ቤቱ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ የቆመ ከሆነ፣ በቢቸናና በደጀን አካባቢ እንደሚበዛው፣ የመሬቱን ጠባይ እወቁ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። በሩ በነሐሴ የሚጣበቅ፣ በየካቲት የሚላላ ቤት የዋልካ ቤት ነው። እዚህ ዋናው መድኃኒት የመሬቱ እርጥበት ዓመቱን ሙሉ እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነው፦ ንጣፉን ወደ 1.5 ሜትር አስፉት፤ ባሕር ዛፍ ከቤቱ አጠገብ ካለ አስወግዱት፣ ሥሩ በበጋ አፈሩን አድርቆ ስንጥቁን ያሰፋዋልና።

የበሰበሰ ቋሚ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ ስጡ። ቋሚ እንጨት የሚበሰብሰው ሙሉ በሙሉ ምድር ውስጥ ባለው በኩል ወይም ላይኛው ደረቅ በኩል ሳይሆን፣ አየርና እርጥበት በሚገናኙበት ከምድር ወለል በላይና በታች በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ጭቃውን በዚያ ልክ ከየቋሚው ላይ አንሡና ሹል ቢላዋ ወይም ወስፌ በእጅ ኃይል ብቻ ውጉበት። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከገባ እንጨቱ ሞቷል። በመዶሻ እጀታ ስትመቱት ጤነኛው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ያሰማል። ከድንጋዩ ላይ ወደ ላይ የሚሄድ ቀጭን የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ አለ፤ መስመሩን ሰብራችሁ ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ከተጠገነ ምስጡ በሕይወት ነው፣ መነሻውን ፈልጉ።

ቅየራው እንዲህ ነው። ወጋግራውን ከሚቀየረው ቋሚ ግራና ቀኝ በሁለት ወፍራም ድጋፍ ያዙ። የድጋፎቹ እግር ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ይረፍ፤ ሁለት ሽብልቅ በተቃራኒ አቅጣጫ እየመታችሁ ጣራው የቋሚውን ጭነት እስኪለቅ ድረስ ብቻ ጥብቅ አድርጉ። ማንሣት አያስፈልግም፤ ከመጠን በላይ ከተነሣ ያልተጎዳው ግድግዳ ይሰነጠቃል። ከዚያ የበሰበሰውን ጤነኛ እንጨት እስክታገኙና ከዚያም 10 ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ ቁረጡ። አዲሱን እንጨት እንደ ቀድሞው ጉድጓድ ውስጥ አትትከሉት። በተቆረጠው ቦታ ከምድር 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠፍጣፋ የድንጋይ እግር ሠርታችሁ አዲሱን እንጨት በእርሱ ላይ አቁሙ። ከአሮጌው ጋር የሚጋጠመው ሁለቱም ግማሽ በግማሽ ተቆርጠው ጎን ለጎን ተኝተው ነው፤ የመጋጠሚያው ርዝመት የቋሚው ውፍረት ሦስት እጥፍ ይሁን። 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ቋሚ 36 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በሁለት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይታሰር። በሚስማር ብቻ የተያዘ መጋጠሚያ ነፋስ ሲመጣ ይላላል።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎችን በአንድ ጊዜ አትንኩ። አንዱ ቆሞ፣ ጭነቱን ተቀብሎ፣ ድጋፉ ከተነሣ በኋላ ብቻ ወደ ሌላው እለፉ። የማዕዘን ቋሚ ካለ በመጨረሻ ይሁን፤ ከሁለት በኩል ጭነት ስላለበት ድጋፉም በአራት በኩል ይሁን። ግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተቀብሮ ሊሆን ስለሚችል ከመጀመራችሁ በፊት ቆጣሪው ላይ አጥፉ።

አዲሱ ባሕር ዛፍ ልጡ ተልጦ በጥላ ቢያንስ ሦስት ወር የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ግድግዳ ውስጥ ሲደርቅ ይኮማተርና በእንጨቱና በጭቃው መካከል ክፍተት ይተዋል። ብዙ ሰው እግሩን የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። ቋሚው ድንጋይ ላይ ከቆመ ይህ አስፈላጊ አይደለም፤ ዘይት በነካው ላይም ጭቃ አይይዝም።

ሲሚንቶውን ማንሣት

ሲሚንቶው ግድግዳ ላይ ካለ በጣት መገጣጠሚያ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ አስቀድሞ ለቋል፤ ከዚያ ጀምራችሁ መሮውን አጋድማችሁ በቀላል መዶሻ ላጡት። መሮውን ቀጥ አድርጎ በትልቅ መዶሻ መምታት ማገሩን ይነቅላል። ሥሩ የሽቦ ወንፊት ተመትቶበት ከሆነ ሽቦውን በጉጠት እየቆረጣችሁ አውጡ፤ ስትጎትቱ ጭቃው አብሮ ይመጣል። አንድ ሜትር ስፋት አንሥታችሁ ከኋላው ያለውን እንጨት መርምሩ፤ ግድግዳው ሁለትና ሦስት ሳምንት ይድረቅ።

ሲሚንቶ ለድንጋይ ቤት የሚስማማ ነገር ነው። ጭቃ ግን እርጥበት ሲስብ ትንሽ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ደርቆ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይለያያሉ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይከፈታል፣ ዝናብ በዚያ ይገባል። የገባው ውሃ መውጫ ስለሌለው ወደ ታች ወርዶ በቋሚዎቹ እግር ይጠራቀማል። የፕላስቲክ ቀለምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጭቃው

የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር ጥቁር አፈር አንሥታችሁ ከሥሩ ያለውን ቀይ አፈር ቆፍሩ፤ በላዩ ያለው ሥርና ብስባሽ አለበት። አንድ ጥርት ያለ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአፈር፣ ቀሪውን በውሃ ሙሉ፤ ነቅንቃችሁ አንድ ቀን አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይተኛል፣ ከዚያ ደቃቁ፣ በመጨረሻ ሸክላው ከላይ። ሸክላው ከጠቅላላው ከአምስት አንድ ያህል ከሆነ መልካም ነው። ከሦስት አንድ ካለፈ ይሰነጠቃል፤ የወንዝ አሸዋ ጨምሩበት። ዋልካ በዚህ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል።

ለ3 ሜትር በ2.5 ሜትር ግድግዳ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ምርጊት (የመጀመሪያው የጭቃ ልባስ) 225 ሊትር ጭቃ ይፈጃል። ልቅ አፈር ሲረጥብ ስለሚሰበሰብና ስለሚባክን 15 ባለ 20 ሊትር ባልዲ አፈር አዘጋጁ። ለሦስት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ ጠቅጠቅ ያለ የጤፍ ጭድ ይጀመር፤ ግን በዚህ ልክ ብቻ አትተማመኑ። ሦስት የ30 ሳንቲ ሜትር ካሬ ሙከራ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፦ አንዱ ጭዱ ለአራት ባልዲ፣ አንዱ ለሦስት፣ አንዱ ለሁለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳይሰነጠቅ በጥፍር ሲቧጨር የማይፈርሰውን ምረጡ። ጭድ ሲያንስ ሰፊ ስንጥቅ ይወጣል፤ ሲበዛ ጭቃው ይፈረፈራል።

ጭቃው ይቡካ። ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ውሃ እየተጨመረ በእግር ይረገጥ። ሲቦካ ጭዱ ይለሰልሳል፣ የሚያጣብቅ ነገርም ይለቃል፤ ሽታው የከረረ ከሆነ ደርሷል። ወንፈል ወይም ደቦ ተጠርቶ የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ለአንድ ሰው እግር ይበዛል። ሰው ቀን ተቆርጦለት ስለሚመጣ ብቻ ያልቦካ ጭቃ አትለጥፉ፤ ቀኑ ይገፋ።

የድሮውን ግድግዳ በመጥረጊያ አራግፉ፣ ውሃ ርጩበት፣ ቀጥሎ እንደ ቀጭን አጥሚት የቀጠነ የአፈር ውሃ ቀቡት። ምርጊቱን በእጃችሁ እየወረወራችሁ በማገሩ መካከል ግፉት፤ የሚለጠፍ ሳይሆን የሚገባ ይሁን። ከላይ በጣት ቦዮች ተዉበት። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ ከተለጠፈ በክብደቱ ይወርዳል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይድረቅና ስንጥቁ ከፍቶ ይቁም፤ ያ ስንጥቅ የሚፈለግ ነው፣ ሁለተኛው ልባስ የሚይዘው በእርሱ ነው። ሁለተኛው 2 ሳንቲ ሜትር፤ ሦስተኛው ልስን ደግሞ በ3 ሚሊ ሜትር ወንፊት ከተነፋ አፈር፣ ለአምስት እጅ አፈር አንድ እጅ እበት ተጨምሮ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ በጠፍጣፋ ነገር ይታሽ። ፀሐይ በቀጥታ ከመታው እርጥብ ማዳበሪያ ጆንያ አንጠልጥሉበት።

ኖራ

ከውጭ ለሚቀባ ኖራ ይበቃል። ኖራው በውሃ ከበረደና ከቆየ በኋላ ተነፍቶ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ግድግዳው በትንሹ ረጥቦ፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይቀባ፤ በየመካከሉ አንድ ቀን። ወፍራም አድርጎ አንድ ጊዜ መቀባት እንደ ቅርፊት ይነሣል። በ1626 (እ.ኤ.አ.) በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጢስ አባይ አቅራቢያ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ዛሬም የቆመው በኖራ ተያይዞ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ዐይኑንና እጁን ይሸፍን፤ ትኩስ ኖራ ያቃጥላል።

በሰኔ የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሲጥል ዙሪያውን ዙሩ። ውሃው ከቦዩ ውጭ የቆመበትን፣ አሸንዳው የሚያንጠባጥብበትን፣ ከግድግዳው ግርጌ ፍንጥቅጣቂ የደረሰበትን ቦታ በዚያው ሰዓት በድንጋይ ምልክት አድርጉ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ አይታይምና። የታጠበ ልስን ካለ በዚያ ክረምት አትነካኩት፤ በላስቲክ ሸፍናችሁ ጥቅምት ሲገባ በዚያው ጭቃ መልሱት። ለዚህ ብላችሁ ከተነፋው አፈር ሁለት ጆንያ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ።